ፋርማሲው ጋ ወራጅ አለ

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ላፍቶ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሱቄ ባልዲ ሊገዛ የገባ ሰው ባልዲውን ብቻ ይዞ አይወጣም፤ ምክርም፣ ቁጣም፣ የሰፈሩን ወሬም ጨምሬ ነው የምሸኘው። ባለቤቴ ኑሪ “ዘነቡ ተኝታም ታወራለች” ይላል። ይበል። ልጃችን ሲሃም ግን አንደኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ቤት ውስጥ ጣራው እስኪነቀል ትጮሃለች፤ የትምህርት ቤቱን በር ስታልፍ አፏ ይዘጋል።

ግንቦት ላይ ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ሰኔ መጨረሻ፣ ወላጆች በተሰበሰቡበት፣ እያንዳንዱ ልጅ ቆሞ አንድ ገጽ ያነባል፤ ሲሃም ካላነበበች አንደኛ ክፍልን ትደግማለች አሉኝ። ደሜ ፈላ። ከቢሯቸው ወጥቼ በቀጥታ ወደ አስተማሪዋ ወደ ቲቸር ውዳሴ ሄድኩ። ሲሃም ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ትጎተታለች።

“ልጄ ማንበብ ትችላለች!” አልኩ ገና ሳልቀመጥ።

ቲቸር ውዳሴ ቀጭን ወጣት ናት፤ ድምጿም ለስለስ ያለ ነው። ጎንበስ ብላ “ሲሃምዬ፣ እንዴት ነሽ?” አለቻት።

“ደህና ናት” አልኩ።

“ምሳሽን በላሽ?”

“ፓስታ ነበር፣ ግማሹን መለሰችው።”

“ማን አጠገብ መቀመጥ ደስ ይልሻል?”

“ሚካል የምትባል ጓደኛ አለቻት።”

ቲቸር ውዳሴ ቀና ብላ ፈገግ አለች። “የሲሃም እናት፣ እስካሁን የጠየቅኩት እሷን ነው። ሁሉንም የመለሱልኝ ግን እርስዎ ነዎት።”

ተናደድኩ። ታናሽ እህቴ የምትሆን ልጅ ስለ ልጄ ልታስተምረኝ! እሷ ግን አልደነገጠችም። “ሲሃም ትፈራለች እንጂ ሰነፍ አይደለችም። እኔ ክፍል ውስጥ አላስገድዳትም፣ ልጆቹም እንዳይስቁባት እጠብቃታለሁ። እርስዎ ደግሞ ቤትም መንገድም ላይ አይናገሩላት። ቢረዝምም ይጠብቋት” አለችኝ። ለኑሪ ስነግረው ያጽናናኛል ብዬ ነበር፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ቤታችን ለቡ ነው። ሱቅ ዘግቼ ከሲሃም ጋር ሚኒባስ እንሳፈርና ፋርማሲው ጋ እንወርዳለን። “ወራጅ አለ!” የምለው ሁልጊዜ እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ፋርማሲው ውስጥ መድኃኒት የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማኛል። በማግሥቱ ልክ እንደተሳፈርን “ከዛሬ ጀምሮ ወራጅ የምትይው አንቺ ነሽ” አልኳት በጆሮዋ። ዐይኗ ፈጠጠ። ፋርማሲው መጣ። ከንፈሬን ነከስኩ። ፋርማሲው አለፈ። ወላሂ፣ እሷን ስወልድ እንኳ እንደዚያ አላማጥኩም።

የመጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄደን በእግራችን ተመለስን። ልቆጣ አፌን ስከፍት ሲሃም እጄን ይዛ መለፍለፍ ጀመረች። ሰፈሩ ገና በግንባታ ላይ ስለሆነ አጥሩ ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ እሷም አንዱን አላስቀረችም። “ብሎኬት ይሸጣል!” “የሚከራይ ቤት አለ!” “የሴቶች ውበት ሳሎን!” አንዱ አጥር ጥግ ላይ ደግሞ ጮክ ብላ “እዚህ መሽናት ክልክል ነው!” ስትል፣ እዚያው ፊቱን አዙሮ የቆመ ሰውዬ ሱሪውን እየጎተተ ሮጠ። መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ሳቅን። እንደዚያ አብረን ስቀን አናውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማለፋችንን እየወደድኩት መጣሁ። ረዳቱ “እናትዬ፣ እዚህ አልነበር የምትወርዱት?” ሲለኝ “አይመለከትህም!” እላለሁ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ጋሽ መኩሪያ አብረውን ተሳፍረው ኖሮ፣ ፋርማሲው ጋ ስንደርስ “ወራ...” ማለት ሲጀምሩ ክንዳቸውን ቆነጠጥኳቸው። አብረውን አለፉ። በእግር ስንመለስ ነገሩን ሳስረዳቸው “ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም? ክንዴ በልዟል እኮ!” አሉ እየሳቁ። ከዚያ ወዲያ እሳቸውም ከእኛ ጋር እያለፉ የሲሃምን ድምፅ መጠበቅ ጀመሩ።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ገባ። ሲሃም ግን ትንፍሽ አላለችም። ጓደኞቿ ሁለተኛ ክፍል ሲገቡ እሷ ብቻዋን ስትቀር ይታየኛል። አንድ ቀን ጋሽ መኩሪያ በሽንኩርት የተሞላ ከረጢት ታቅፈው ከጎናችን ተቀመጡ። ውጭ ዶፉ ይወርዳል። ፋርማሲው ሲቃረብ እኔን አዩኝ፤ እኔ ደግሞ ሲሃምን አየሁ። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው ከረጢታቸውን ጠበቅ አደረጉ፤ ለማለፍ ተዘጋጁ ማለት ነው። ሲሃም ከረጢቱን አየች፣ ዝናቡን አየች፣ የጋሽ መኩሪያን አሮጌ ጫማ አየች።

“ወራጅ አለ” አለች።

ድምጿ የትንኝ ያህል ነው። ከእኔ በቀር ማንም አልሰማትም። ልደግምላት አፌን ከፈትኩና መልሼ በእጄ ከደንኩት።

“ፋርማሲው ጋ ወራጅ አለ!”

ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን፤ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ሽንኩርት ሲለቅም ጋሽ መኩሪያ “እደጊልኝ! እደጊልኝ የኔ እመቤት!” እያሉ ግንባሯን ይስማሉ። እኔ አለቀስኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ የሽንኩርቱ ነው ብያለሁ።

የንባቡ ቀን ክፍሉ በወላጅ ተሞላ። እኔና ኑሪ የልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ደርሶ ተቀመጥን። የሲሃም ስም ተጠራ። መጽሐፏን ይዛ ቆመች፤ ድምፅ ግን የለም። አንድ ልጅ “እሷ አትናገርም እኮ” አለ። ቲቸር ውዳሴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችውና እጇን አጣምራ ጠበቀች። ኑሪ እጄን ጭብጥ አድርጎ ይዞኛል፤ እኔ የሻርፔን ጫፍ ነክሻለሁ። ሲሃም ዞር ብላ አየችኝ። ቤት ውስጥ ደጋግማ ስላነበበችው ገጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ሞቅ እያላት፣ በኋላማ የለቡን አጥር እንደምታነበው ጮክ ብላ። ስትጨርስ ቲቸር ውዳሴ ደስታው አሸንፏት ገጹን ገለጠችላትና “ጎበዝ! ቀጥዪ ሲሃምዬ” አለቻት።

ሲሃም ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። “ወራጅ አለ!” ብላ ሄዳ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

ልጁም ወላጁም በሳቅ ፈነዳ። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን እየጠረጉ ወደ እኛ መጡ። “እንግዲህ መስከረም ላይ ሁለተኛ ክፍል ናት። እስቲ ለሌሎቹም ወላጆች ይንገሩልን፤ ለመሆኑ ምን አድርገውላት ነው?” አሉኝ።

ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። ተነሣሁ፣ ሻርፔን አስተካከልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ሲሃም ቀደመችኝ።

“ዝም አለችልኝ” አለች።