ማስደሰቻ ያልደረሰው አባት

ባሌ ክሪሶፎሮ ወደ ገዛ ልጁ ሠርግ የሄደው ስንቁን ቋጥሮ ነው። የበቆሎ ቂጣ፣ የተፈጨ ጥቁር ቦሎቄ፣ አይብ፣ የተጠበሰ ፌንጣ፣ ሌላው ቀርቶ የሚጠጣውን ውሃ ሳይቀር በጀሪካን ይዞ።

«ሠርግ ስንቅ ተይዞ ሲኬድ የት አይተሃል?» አልኩት።

«እነዚያ ሰዎች ቤት ጉሮሮዬን የሚያልፍ ነገር የለም» አለኝና የከረጢቱን አፍ ጥርቅም አድርጎ አሰረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ያዲራ ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ የባሕር ዳር ልጅ ጋር ኮበለለች። ልጁ ኔሬዎ ይባላል፤ ዓሣ ይዞ እኛ ተራራ ድረስ ለገበያ ይመጣ ነበር። ባሌን ያንገበገበው ግን መኮብለሏ አልነበረም። በእኛ አገር ግማሹ ሰው ኮብልሎ ነው ትዳር የያዘው፤ እኔ ራሴ ከአባቴ ቤት የወጣሁት በጓሮ በር ነው። ልጅ ከኮበለለች በኋላ ግን የወንዱ ወገን ማስደሰቻ ይዞ መምጣት አለበት። ዳቦ፣ ቸኮሌትና ተርኪ ዶሮ ተሸክመው፣ ሙዚቀኛ አስከትለው፣ ሳይነግሩ ድንገት የልጅቷ አባት ደጅ ላይ ይቆማሉ። «አጥፍተናል፣ ይቅር በሉን» ይላሉ። አባትየው እንደ ወጉ ይቆጣል፤ በሩን ዘግቶ ትንሽ ደጅ ያስጠናቸዋል፤ ከዚያ ይከፍታል። ያ እስኪሆን ድረስ ከእነሱ እጅ ውሃ እንኳ አይቀምስም።

የክሪሶፎሮን ደጅ ግን ማንም አልረገጠም። በመጀመሪያው ዓመት በየእሑዱ ግቢውን ሲጠርግ አየው ነበር። ምን እንደሚጠብቅ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በሁለተኛው ዓመት መጥረጉን ተወ።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይላል አንዳንዴ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ከዚያ ያዲራ ደወለች። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ ዓርብ ድረሱልኝ አለች። ቀጥላም፣ «እማዬ፣ አባዬ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ካልመረቀኝ ቤተ ክርስቲያን አልገባም» አለችኝ። እኛ ዘንድ ሙሽሮች ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ወላጆቻቸው ፊት ተንበርክከው ይመረቃሉ።

ይህንኑ ለባሌ ነገርኩት። «ሄጄ አያታለሁ» አለ። «እጄን ግን አልጭንም። ያልተደሰተ አባት ሲመርቅ አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ሄደ። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ልጄ በነጭ ቀሚስ ተንበርክካ፣ ይህ ግትር ሰውዬ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ይታየኛል። ያዲራ የእሱው ልጅ ናት፤ አልገባም ካለች አትገባም። እነዚህን ሁለት ደረቆች አምላክ ለምን ለእኔ እንደሰጠኝ እሱ ያውቃል።

ዓርብ ድረሱ የተባልነውን ክሪሶፎሮ ሐሙስ ይሁን አለ። «ለመብል ተጣድፈው መጡ እንዳይሉኝ፣ ድግሱ ሳይጀመር ልድረስ» አለ። እንዲህ ያለ ሒሳብ ከእሱ በቀር ማንም አያሰላም፤ ግን ከሄደልኝ ይበቃኛል ብዬ እሺ አልኩ። ቤቱን ቆልፈን፣ ዶሮዎቹን ለጎረቤታችን ለፓንፊላ አደራ ሰጥተን፣ በሚኒባስ በአዲሱ መንገድ ቁልቁል ወረድን።

ጥዱ አለቀ፤ ሙዝ መታየት ጀመረ፤ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። እሱ የሱፍ ሹራቡን እንደለበሰ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«አውልቀው እንጂ፣ ልትቀቀል ነው» አልኩት።

«አልሞቀኝም።»

«ባሕሩንም ተቀይመሃል?»

ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶን ሳቀ። «እናቴ፣ ተዪአቸው፤ ውሃውን ሲያዩ ራሳቸው ያወልቁታል» አለኝ። ክሪሶፎሮ ማቅለሽለሹ እንዲለቀው የያዘውን ሎሚ እያሸተተ ወደ ውጭ ማየቱን ቀጠለ።

የኔሬዎ መንደር ላ ቦኪያ ስንደርስ ያዲራ ከሩቅ አየችንና በባዶ እግሯ አሸዋውን እየበተነች መጣች። እኔን አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ አባቷን አቀፈችው። እሱ እጆቹን ወደ ታች አንጠልጥሎ እንደ አጥር እንጨት ቆመ። ግን ዓይኑን በደንብ አየሁት፤ ጨፍኖ ነበር።

የኔሬዎ እናት ዶኛ ኢላሪያ ከጓዳ ወጣች። ስታየን የያዘችው ማንኪያ ከእጇ ወደቀ።

«ዛሬ መጣችሁ?» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ» ብላ መርበትበት ጀመረች። ኔሬዎም እንደ እናቱ ደንግጦ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ነገሩ አላማረኝም።

ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጡንና የዓሣ ሾርባ አቀረቡ። ሽታው ብቻ ያጠግባል። ክሪሶፎሮ ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገና ከረጢቱን ፈታ። ሰው ሁሉ እያየው ቂጣውን፣ ቦሎቄውን፣ ፌንጣውን በተራ በተራ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አባወራው የታል?» አለ፣ ቂጣውን እየጠቀለለ።

«ቲቡርሲዮ... ወጣ ብሏል» አለች ኢላሪያ።

«ወዴት?»

«እንዲሁ... ለጉዳይ።»

ክሪሶፎሮ ወደ እኔ ዞረ። «አየሽ ኤውስቶልያ? ልጄን ወሰደ፤ እኔ ስመጣ ደግሞ ተሸሸገ። ነገ በጠዋት እንመለሳለን።»

«አባዬ!» አለች ያዲራ። ፊቷ ወረቀት ሆነ። እኔም ይኸው ያልኩት ደረሰ አልኩ በልቤ።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ጆሮዬ ስለደከመ ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያ ነው የማነጋግረው፤ ስለዚህ ቤቱ ሙሉ ሰማ። ፓንፊላ ነበረች። ከኋላዋ ጥሩምባ ይነፋል።

«ኤውስቶልያ! ኧረ እናንተ ሰዎች የት ደረሳችሁ? ደጃችሁ ላይ ጉድ ፈልቷል!»

«የምን ጉድ?»

«አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ በራችሁ ፊት ተንበርክኳል! ተርኪ አለ፣ ዳቦ በቅርጫት አለ፣ ሙዚቀኛ አለ። ሰዎቹ የሉም ብለው አያምነኝም። ‹ዶን ክሪሶፎሮ ውስጥ ናቸው፣ ተቆጥተው ነው፤ ቁጣቸው እስኪበርድ እጠብቃለሁ› ይለኛል። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነው!»

ኢላሪያ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። «ነገ ነበር የምትመጡት» አለች ከሽርጡ ውስጥ። «ዛሬ ቲቡርሲዮ አስደስቷችሁ፣ ነገ በእኛ መኪና አብራችሁ ልትወርዱ ነበር ሐሳቡ። ማስደሰቻ አይነገርም፤ ምን ልበላችሁ? እሱ በአሮጌው መንገድ ወጣ፣ እናንተ በአዲሱ ወረዳችሁ።»

ክሪሶፎሮ የጠቀለለውን ቂጣ አስቀመጠ። ስልኩን ከእጄ ወሰደና እንደ ብርጭቆ በሁለት እጁ ያዘው።

«ፓንፊላ፣ ፀሐይ ላይ ነው ያለው?»

«በጠራራው!»

«ውሃ ስጪው እንጂ!»

«ሰጠሁት እኮ፣ እምቢ አለ። ይቅር ሳልባል አልቀምስም አለ።»

ባሌ ጀሪካኑን አየ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ወጉ ትንሽ ደጅ ማስጠናት ነው እንጂ፣ በእኛ አገር ሰውን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በተዘጋ በር ፊት ማንበርከክ ነውር ነው።

«በሩን ክፈቺለት!»

«በምን ልክፈተው? ቁልፉን ይዘህ ሄደሃል።»

ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ እዚያው ነበር።

«ስበሪው።»

«ምን?»

«በሩን ስበሪው አልኩሽ! በመጥረቢያ! የምን በር ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሰውዬውን ደግሞ አቅርቢልኝ።»

አንድ የሻከረ ድምፅ መጣ። «ዶን ክሪሶፎሮ፣ አጥፍተናል፤ በእግዚአብሔር ፊት፣ በእርስዎም ፊት...»

«ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ ከፀሐዩ ይነሱ።»

«ይቅር ሳይሉኝ አልነሳም።»

«እኔ እዚያ የለሁም እኮ! እርስዎ ቤት ነው ያለሁት!»

ጥሩምባው አቆመ።

«እኔ ቤት?» አለ ድምፁ።

«ገበታዎ ላይ ቀርቤያለሁ።»

«እንዴ!» አለ ሽማግሌው። ሌላው ሁሉ ጠፍቶት፣ «ታዲያ ምሳ በሉ?» ብሎ ጠየቀ።

ክሪሶፎሮ የደረደረውን ስንቅ አየ። ኢላሪያን አየ። ያዲራን አየ። «አሁን ልበላ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እርስዎም ይግቡና ይብሉ። ቤቱ የእርስዎ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ መጥረቢያ እንጨት ሲመታ ተሰማ። እኔ ከዚያ ድምፅ የበለጠ ጣፋጭ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሾርባውን ሁለት ሳህን በላ። አጥንቱ በዛ እያለ ቢያጉረመርምም በላ። ላቡ ሾርባው ውስጥ ሊንጠባጠብ ሲል ሹራቡን አወለቀ። ኢላሪያም ሦስቱ ዓመታት የት እንደገቡ ነገረችን። የማስደሰቻ ተርኪ በገዛ እጅ ያደገ መሆን አለበት፤ የተገዛ ይቅርታ አያስገኝም ይባላል። ቲቡርሲዮ ግን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ስለ ተርኪ ምን ያውቃል? የባሕሩ ነፋስ ጫጩቶቹን አንድ ዓመት ፈጀበት፤ በሁለተኛው ዓመት ዝናብ ወሰደበት። ዘንድሮ አልጋው ላይ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ አሳደጋቸው።

«እኔ መሬት ላይ ተኝቼ እነሱ በላዬ ይንጫጩ ነበር» አለች። «ከእናንተ በላይ እኔ ነኝ ማስደሰቻ የሚገባኝ!»

ክሪሶፎሮ ሳቀ። ሊያቆመው ሞከረ፣ አልቻለም። ያዲራም አባቷ ሲስቅ ስታይ አብራው ሳቀች፤ ሳቋ የእሱው መሆኑን ረስቼው ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባሌ መንገድ ዳር ወጥቶ ቆመ። መኪናዋ መጣች። ከላይዋ የእኛ መንደር ሰዎች፣ ሙዚቀኞቹና ፓንፊላ ተጭነዋል፤ የተሰበረ በር አልጠብቅም ብላ ዶሮዎቹን ለእህቷ ትታ መጥታለች። ቲቡርሲዮ ወረደ። ትንሽ፣ ጥቁር፣ አጭር እግር ሰው ነው፤ ጠመዝማዛው መንገድ ፊቱን አመድ አስመስሎታል። በእያንዳንዱ ብብቱ አንድ አንድ ተርኪ ይዟል። ክሪሶፎሮን ሲያይ ወዲያው ሊንበረከክ ጎንበስ አለ።

«እንዳያደርጉት! እኔ ነኝ በር የዘጋሁብዎት» ብሎ ባሌ ቀድሞት ተንበረከከ።

«ኧረ ይነሱ!»

«እርስዎ ይነሱ!»

ሁለቱም አሸዋው ላይ ተንበርክከው፣ ተርኪዎቹ በመሃላቸው እየተንጫጩ፣ ተነሱ አትነሱ ሲባባሉ ቆዩ። በኋላ እንነሳ ቢሉም ጉልበታቸው እምቢ አለ። ኔሬዎና ሙዚቀኞቹ በብብታቸው ይዘው አነሷቸው። የቲቡርሲዮን ጉልበት አሸዋ ያራገፈለት ባሌ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የሁለቱም ወገን ዘመድ ግቢውን ሞላው። ሙሽሮቹ ምንጣፍ ላይ ተንበረከኩ። ቲቡርሲዮና ኢላሪያ መረቁ፤ እኔ መረቅኩ፤ እንደ ወጉ ስለ ትዕግሥትና ስለ ጓዳ የምናወራውን ሁሉ አወራሁ። ከዚያ የክሪሶፎሮ ተራ ሆነ።

ያዲራ ፊት ቆመ። ምክር ያዘጋጀ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀኝ እጁን አነሳና ራሷ ላይ አሳረፈው። ግራውን ደግሞ ኔሬዎ ራስ ላይ። እንዲሁ ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል የሰማ የለም።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ደወሉ እንደገና ተደወለ።

«አባዬ» አለች ያዲራ ከእጁ ሥር፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ «ቄሱ እየጠበቁን ነው።»

«ይጠብቁ» አለ ክሪሶፎሮ። «እኔም ጠብቄያለሁ።»