ተቃዋሚ ካለ

ማዕዛ የባሏን የፍትዊን ቤት ጥላ ከወጣች አራት ዓመት አልፏታል፤ በወረቀት ግን ዛሬም ሚስቱ ናት። ኮተቤ ባለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ቤት ተጋርታ ትኖራለች። ስልክ ቁጥሯን ሁለት ጊዜ ቀይራለች። ቦሌን ከዚያ ወዲህ ረግጣ አታውቅም ነበር፤ ፍትዊ አየር ማረፊያው ካርጎ ጋ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እዚያ ሲመላለስ ነው የሚውለው። አብረው ሳሉ፣ "ብትሄጂ አገኝሻለሁ፤ አትልፊ" ይላት ነበር። ሳይጮህ፣ ሻይ ስጪኝ እንደሚል ሰው።

ፍቺ ለመጠየቅ ቆርጣ ጠበቃ ስታማክር፣ መጀመሪያ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጪ ተባለች። ወረቀቱ ያለው እሱ ጋ ነው። ያላት አማራጭ ግልባጭ ማውጣት ብቻ ስለነበር፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ የተጋቡበት የቦሌው ወረዳ ሄደች። እዚያ ደግሞ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም የዚያ ሰፈር ማኅደር በሙሉ ወደ አዲስ ወረዳ ተዛውሯል አሏት። ሐሙስ ጠዋት ከፋርማሲው አስፈቅዳ፣ ከመገናኛ ታክሲ ይዛ ወደተባለው ወረዳ ወጣች።

የማኅደር ክፍሉ ሠራተኛ ጋሽ ገሰሰ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው። የተጋቡበትን ዓመተ ምሕረት ጠይቀዋት፣ የድሮዎቹ መዝገቦች ገና ኮምፒውተር ውስጥ ስላልገቡ በእጅ መፈለግ አለብኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቂኝ አሏት።

ማዕዛ ቀኝ ጎኗን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች። የግራ ጆሮዋ አይሰማም። ፍትዊ በጥፊ የመታት ቀን ጆሮዋ ሲጮህ ውሎ፣ በማግስቱ ዝም አለ።

ፊት ለፊቷ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ጊዜ ለመግፋት ያህል ታነብ ጀመር። ስማቸው ከዚህ በታች የተጠቀሰው ሰዎች ጋብቻ ለመፈጸም አመልክተዋልና ተቃውሞ ያለው ሰው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ ይላል። ከሥሩ ጥንድ ጥንድ ፎቶ ተለጥፏል። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ፍትዊ ነበር። ያው ግራጫ ኮት፣ ያው ለሰው የሚያሳየው ትሁት ፈገግታ። የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባ። ከጎኑ ያለችው ልጅ ኣርያም ትባላለች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ወረቀቱ ከተለጠፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ስለ ልጅቷ አልነበረም። እዚህ ግቢ ይመጣል ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ጋሽ ገሰሰ ሁለቴ ቢጠሯት አልሰማችም፤ ትከሻዋን ነካ ሲያደርጉ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሽማግሌው እጃቸውን ሰብስበው ትንሽ አዩዋትና ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ሰጧት።

የመጣችበት ጉዳይ አልቋል። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መሄድ ትችላለች። ከመሄዷ በፊት ግን፣ ተቃውሞ የሚያቀርብ ሰው ስሙ ይነገር እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"በጽሑፍ ነው። ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ" አሉ። "ለተጋቢዎቹም ይነገራቸዋል።"

አመስግናቸው ወጣች። አስፋልቱ ዳር የቆመ የመገናኛ ታክሲ ውስጥ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ታክሲው እስኪሞላ ስትጠብቅ ያች ልጅ ከዓይኗ አልጠፋ አለች። ለፎቶው ስትል ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ ጉትቻ አድርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋለች። ማዕዛም በሃያ አራት ዓመቷ ልክ እንደዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ፎቶ ተነስታ ነበር። ያኔ አንድ ሰው፣ እሱን የሚያውቅ ሰው፣ አንዲት ቃል ብሏት ቢሆን ትሰማው ነበር? አታውቅም። ረዳቱ ሒሳብ ሲል፣ ይቅርታ ልውረድ አለችው። ወርዳ ወደ ወረዳው ተመለሰች።

የምዝገባ ክፍሉ ሠራተኛ በጥድፊያ የምትናገር ቀልጣፋ ወጣት ናት። ማዕዛ ነጠላዋን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥላ፣ የመጀመሪያ ጋብቻው እንዳልፈረሰ ጻፈች፤ ግልባጩን አያያዘች፤ ስልክ ቁጥሯን ሞልታ ፈረመች። ቀና ስትል ሠራተኛዋ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

"አቶ ፍትዊ? ባለቤትዎ ነኝ ያለች ሴት ተቃውሞ አቅርባለች… አዎ፣ ማዕዛ ነው የሚለው… እዚሁ ናት።"

ስልኩን ዘጋችና፣ ቅርብ ነኝ መጣሁ ብሏል፣ ፊት ለፊት ብትነጋገሩ ይሻላል አለቻት። እሱ ያለበት የኣርያም ቤተሰቦች ቤት ከወረዳው ጀርባ እንደሆነ ማዕዛ ከሠራተኛዋ ያወቀችው ያኔ ነው። ተስፈንጥራ ኮሪደሩ ጋ ስትደርስ የፍትዊ ነጭ መኪና በግቢው በር ሲገባ አየች። መውጫው አንድ ነው። ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ጋሽ ገሰሰ ከክፍላቸው ብቅ ብለው እሷንም መኪናውንም አዩ። የማኅደር ክፍሉን በር ከፍተው፣ "ግቢ ልጄ" አሏት፤ ከኋላዋ ዘጉት።

ማዕዛ በመደርደሪያዎቹ መካከል ቆማ ቀኝ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። የፍትዊ ድምፅ አልተለወጠም። በሽማግሌ ከተለያየን ቆየን ይላል። ጤናዋ ልክ አይደለም፣ ምን ታድርግ፣ አልፈርድባትም ይላል። ድምፁ እንዲህ ለስለስ ሲል እሷ ራሷ፣ ምናልባት እውነት በሽተኛ ነኝ ይሆን የምትልበት ጊዜ ነበር። አሁንም ለአንድ አፍታ እንደዚያ አሰኛት። የት ናት ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ ገሰሰ ሄዳለች አሉት።

"ነጠላዋ እኮ እዚህ ነው" አለ ፍትዊ።

አንገቷን ዳበሰች። ባዶ ነው። እርምጃው ወደ በሩ ቀረበ፤ እጀታው በቀስታ ዝቅ ሲል አየችው። ያኔ አብራው የመጣችው ኣርያም ስትናገር ሰማች።

"ቆይ ፍትዊ። ሚስት አለህ?"

እጀታው ወደ ቦታው ተመለሰ። ቤት እንነጋገራለን አላት። አይ፣ እዚሁ ንገረኝ አለች። ከዚያ ቀነስ ባለ ድምፅ፣ ሰው እንዳይሰማባት የፈለገች ይመስል፣ "እጄን… አሳመምከኝ እኮ" አለች።

ማዕዛ በሩን መክፈቷን ያወቀችው ከከፈተችው በኋላ ነው። ፍትዊ በአንድ እርምጃ ርቀት ፊቷ ቆሟል። የልጅቷን አንጓ ጨብጧል።

"ልቀቃት" አለችው። ድምፅዋ አልወጣም ማለት ይቻላል። ግን ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞር አሉ፤ የጥበቃው ሠራተኛም ከበሩ ጠጋ አለ።

ፍትዊ ለቀቃት። ፈገግ ብሎ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለ። ከዚያ በሌላ እጁ የያዘውን ነጠላዋን ዘርግቶ፣ ለሰው ዓይን እንደ ጥሩ ባል፣ ትከሻዋ ላይ ደረበላትና ጎንበስ ብሎ በግራ ጆሮዋ አንድ ነገር ተናገረ። ትንፋሹ ሞቃት ነበር። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አታውቅም።

ወጥቶ ሄደ። ኣርያም ማዕዛን ቀና ብላ ሳታያት ተከተለችው። ጋሽ ገሰሰ ሥራቸውን ትተው ማዕዛን እስከ መገናኛ በታክሲ አደረሷት።

ጋብቻው እንዲቆም ተወሰነ። ጠበቃውም የፍቺውን መዝገብ አስከፍቶ ቀጠሮ ተሰጣት። ማዕዛ ግን ማመልከቻው ላይ የጻፈችውን ስልክ ቁጥር ታስባለች፤ ቅጂው ለሁለቱም ተሰጥቷል። ፋርማሲው በር ላይ ነጭ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ ጓዳ ትገባለች። የተናገራትን ያልሰማችውን ነገር ማታ ማታ በራሷ ትሞላዋለች፤ አንዱን ስትጥል ሌላው ይመጣባታል። የማታውቀው ቁጥር ሲደውል አታነሳም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቁጥር በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ ደወለ። በስምንተኛው አነሳችው፤ ምንም አላለችም። ወዲያ በኩልም ዝም ነው። ሊዘጋ ነው ስትል የወጣት ሴት ድምፅ መጣ።

"ኣርያም ነኝ።" ከኋላዋ ውኃ ይፈሳል፤ ቧንቧ ከፍታ ነው የምታወራው። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አንቺ ላይ በምን ጀመረ?"

ማዕዛ ጓዳው ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ስልኬን በማየት ነው አለቻት። ከዚያ ጓደኞቼን አንድ በአንድ አራቀ። ከዚያ እጄን ያዝ ማድረግ ጀመረ፤ ይቅርታ ሲጠይቅ ያለቅስ ነበር።

ውኃው ይፈሳል።

"እሱ ጋ ነው የምኖረው። አሁን መኪናውን ግቢ ሊያስገባ ወርዷል" አለች ልጅቷ። "ብወጣ ምን ልያዝ?"

"መታወቂያሽን" አለች ማዕዛ ከተቀመጠችበት እየተነሳች። "ሌላውን ተይው። የት ነሽ? እየመጣሁ ነው።"