ሁለት ጣት ትርፍ

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማለች» አለች አንዷ። ልጅቷ ግን ከጓዳ ሆና ሰምታለች። የተሰበረው ትከሻዋ ነው እንጂ ጆሮዋ አይደለም።

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በተውሶ ወንበር ታጭቋል። የሟች አክስቷ የልብስ ስፌት መኪና ግድግዳው ስር አንሶላ ተጥሎበት እንደ እንግዳ ተቀምጧል። ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት ጎረቤታቸው ድምጿን የቀነሰች መስሏት ታወራለች። ሟቿ፣ ነፍስ ይማርና፣ ጨካኝ ነበረች አሉ። ልጅቷ ከደረጃ ወድቃ ትከሻዋ ሲሰበር ኦፕራሲዮን ከልክላት፣ ከዛ ደሞ በየጠዋቱ የታመመ እጇን እያሠራች ታስጮሃት ነበር አሉ። ሬዲዮ ግድግዳ ስለምትጋራ ምስክር ነኝ ባይ ናት።

ምስክር! ልጅቷ በገነች። ማን ከለከላት? ሐኪሙ ራሱ እኮ ነው ራጁን ወደ መስኮቱ ይዞ፣ አጥንቱ ቢሰበርም ቦታውን አልለቀቀም፣ ቢላ አያስፈልገውም ያለው። እጇ ሦስት ሳምንት ይንጠልጠል፣ ከዛ ቀስ በቀስ ይንቀሳቀስ፣ አለበለዚያ ትከሻው ይደርቃል አለ። አክስቷ ሦስቴ አስደገመችው። እቤት እንደገቡ ከኮት ገበር የእጅ ማንጠልጠያ ሰፋችላት፤ የመሃረብ ኪስ ሁሉ አለው። ተጋድማ መተኛት ሲያቅታት ያለ የሌለ ትራስ ከምራ አስደገፈቻት። ያኔ ሬዲዮ የት ነበረች?

በአራተኛው ሳምንት ጠረጴዛ ተደግፋ ጎንበስ ማለት፣ የታመመ እጇን ለቅቃ ማወዛወዝ ጀመረች። ቀጥሎ ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለው ግድግዳ መጣ። ጣቶቿ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አክስቷ የደረሱበትን በልብስ ሰፊ ጠመኔ ታሰምራለች። ግን ሁልጊዜ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ ነው።

«አክስቴ፣ እዛ አልደረስኩም እኮ። ውሸት ነው።»

«ልብስ ያለ ትርፍ ይቆረጣል እንዴ? ነገ ትሞይዋለሽ።»

ትጮህ ነበር፣ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሳቅ ነበር። ሳቁ ግድግዳ አያልፍም መሰል። አንድ ቀን አልሠራም ብላ ስታኮርፍ አክስቷ መቀሷን አስቀመጠችና፣ «እኔ ብሞት ማን ኮት ሊያለብስሽ ነው፣ አንቺ ክንፈ ሰባራ?» አለቻት። ቀልዷን ነበር። ይህን ባለች በአስረኛው ቀን እዛው ስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለች ልቧ ቀጥ አለ።

ልጅቷ ብርጭቆ የሞላበት ትሪ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ሬዲዮ ተነስታለች። ሰው ይመጣል፣ ግድግዳው ተዥጎርጉሯል ብላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ከታች ጀምራ የጠመኔ መስመሮቹን ትጠርጋለች። አንዱ ጠፋ። ሁለት። አምስት። የቀረችው የላይኛዋ ብቻ ናት። ሬዲዮ ጨርቁን ከመስመሯ በላይ አሳርፋ ወደ ታች ልታወርድ ስትል ልጅቷ እጇን ሰዳ ጨርቁን ጨመደደችው።

«ይቺን አይንኩብኝ።»

«ምነው ልጄ፣ ላጸዳላችሁ ብዬ እኮ ነው።»

«የጨካኝ ቤት ምን ያደርግልዎታል? ይተዉት።»

ሬዲዮ ጨርቁን ለቅቃ ወደ ወንበሯ አፈገፈገች። ከወንበሮቹ መሃል አንዲት ሴት፣ «የታመመው እጇ የትኛው ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ልጅቷም ያኔ ነው ያየችው። ትሪውን የያዘው ደህናው እጇ ነው። የተሰበረው ከመስመሯ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ትከሻዋ እሳት ሆኗል፣ ይሁን። ጨርቁን ጣለች፣ ጣቶቿን ግን አላወረደችም።

ትሪውን መኪናው ላይ አስቀመጠች። በደህናው እጇ አንሶላውን ገልጣ የአክስቷን ጠመኔ በዳበሳ አገኘችው። ከዛ ከጣቶቿ ጫፍ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ አሰመረች።