በቀኝ እጅጌ ላይ ያለ ቀለም

ይታይሽ ቀለሙ በየትኛው እጅጌ ላይ እንዳለ ያስተዋለችው ፀጉሯን ከተላጨች በኋላ ነበር።

የልጇ የአበረ ሬሳ አልመጣም። መርሐቤቴ ላይ ወድቆ እዚያው ተቀበረ ብሎ መርዶውን ያመጣው ታናሽ ወንድሟ ኃይለመስቀል ነው። ሬሳ ከሌለ በልብስ ይለቀሳልና የካኪ ኮቱ ዳሱ መካከል ምንጣፍ ላይ ተዘርግቷል። እጅጌው ጫፍ ላይ የጸሐፊ እጅ የሚተወው የብዕር ቀለም አለ። ሰው ሁሉ ያንን ቀለም እያየ ነበር የሚያለቅሰው። ግን ቀለሙ በቀኙ ነው። አበረ ደግሞ ግራኝ ነበር፤ የኔታ ግራ እጁን አስረው ቢያስተምሩትም አልተወም።

ኮቱ የእሱ ካልሆነ ልጇ ሞቶ ላይሆን ይችላል፤ እሷ ግን ደስ አላላትም። ይታይሽ ደግ ነገር ሲመጣ ከኋላው ያለውን ክፉ የምትፈልግ ሴት ናት። የልጇ የመጀመሪያ መጽሐፍ አዲስ አበባ ታትሞ የመጣላት ቀን እንኳ «በዚህ ያስሩታል» ብላ አልቅሳለች። አሁንም የሌላ ሰው ኮት አምጥተውልኝ የእሱን ሬሳ ጅብ በልቶት ይሆናል ብላ አሰበች።

ወንድሟን ጓሮ ወስዳ ጠየቀችው። ግንባሩን መታ።

«ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ልጁ አለ። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ገብቷል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ፊትሽ ላይ የማይነበብ ምን አለ? ከልብሽ ካላለቀስሽ ጫኔ አያምንም።»

ጫኔ ጣሊያን የሾመው ያገሩ ገዥ ነው። አበረን የሚያሳድደው መሣሪያ ስለ ታጠቀ አልነበረም። አበረ ከጦርነቱ በፊት ለወጣቶች ሁለት ልቦለድ ጽፏል። አገር ተወርሮ ወረቀትም ማተሚያም ሲጠፋ ሦስተኛውን ጓሳ ዋሻ ውስጥ በቃሉ ይተርክ ጀመር። ሰምተው የወጡት ወጣቶች ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ዱር ገቡ።

ይታይሽ ወደ ዳሱ ተመለሰች። አልቃሿ አልጣሽ የአበረን ጀግንነት እያነሳች የጠላትን አንገት እንደ እሸት ቀጠፈው ትላለች። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞረውን ልጅ! ሳቋ መጣ። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ያዩ ሴቶች አቅፈው ያዟት።

ከሰዓት በኋላ ጫኔ መጣ። ኮቱ አጠገብ ተቀምጦ እጅጌውን ለረጅም ጊዜ አየ። ቀና ብሎ ወደ ይታይሽ ዞረ።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ ያንን የዋሻውን ተረት ከጓደኞቿ እየለቀመች ሰምታለች። በተረቱ ውስጥ ወንዝ የወሰዳት ልጅ ትወጣለች ወይስ ትሞታለች? የአበረን ሞት ከሰማች ወዲህ ይህንኑ ነው የምትጠይቀኝ።»

ይታይሽ መልሱን ታውቀዋለች። አበረ መጀመሪያ የተረከው ለእሷ ነበር። «መቼም ሰጥማ ትቀራለች» ስትለው ስቆ፣ «በቃ፣ እማ፣ ላንቺ ስል ትውጣ» ብሏት ነበር። ወጥታለች ብትል ግን ፊቷ ያበራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይታወቃል። የልጅቱን መጨረሻ በውስጧ ስትውጠው፣ ልጇም በሄደበት አገር ስሙን እንደዚሁ ውጦ እንደሚኖር ገባት። በሕይወት ይኖራል፤ አበረ ተብሎ ግን አንዲት ታሪክ እንኳ ለማንም አይነግርም። እንባዋ ያለ ልመና ወረደ።

«አልነገረኝም» አለች። «ይዞት ሄደ።»

ጫኔ አንገቱን ደፋ። ሲወጣ ለአሽከሮቹ ፍለጋው ይቅር ማለቱን ኃይለመስቀል በጆሮው ሰማ።

ሲመሽ ለቀስተኛው ተበተነ። ልጇ ዱር ከገባ ጀምሮ ይታይሽ ደጇን ዘግታ አድራ አታውቅም፤ በሌሊት ቢመጣ አንኳኩቶ ጎረቤት እንዳይቀሰቅስ ትፈራ ነበር። ዛሬ መዳፏን ሳንቃው ላይ ጥቂት አሳረፈች። ከዚያ መወርወሪያውን ወረወረች።