ጎማው ሲወርድ የሚጮኸው

«ይቁሙ ጋሼ! ወደ ኋላ ይመለሱና እንደገና ይምጡ፤ ቀስ ብለው!»

መካኒኳ ከኮሮኮንቹ መንገድ ዳር ቆማ አንድ እጇን አውለበለበች። በሌላው እጇ የገፋ ሆዷን ከሥር ደግፋዋለች። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ አቧራውን እያስነሳ ወደ ኋላ ሄደና ድንጋዮቹ ላይ እየተንገጫገጨ ተመለሰ። ኳ! አለ ከሥሩ። ጥቂት ሄድ ብሎ ደግሞ፣ ኳ!

ባሏ አጠገቧ ቆሟል። መምህር ነው፤ ቅዳሜ ስለሆነ ሥራ የለውም። እንዲህ ባለ መንገድ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ እንዳትፈትሽ ጠዋት ሲለምናት፣ እንደ ወትሮዋ መከራከሯን ትታ «እሺ፣ ከውጭ እሰማዋለሁ» ብላው ነበር። እሱ ጆሮውን ቢያቀናም ሁሉም ያው መንቋቋት ሆነበት። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ፣ ከጩኸት መሐል የምታውቀውን ሰው ድምፅ እንደምትለይ ሁሉ ታዳምጣለች።

ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣ። ጢሙ የሸበተ፣ ይህን መንገድ ሲመላለስበት ያረጀ ሰው ነው።

«ሁለት ጋራዥ ወስጄዋለሁ ልጄ። አንዱ ሾክ አብሶርበሩን ቀየረው፤ አንዱ የላስቲክ ጎሚኒውን ቀየረው። ድምፁ ግን ወይ ፍንክች! አንቺም ካጣሽው ግድ የለም፤ ከሰዓት የግድ ጣቢያው መድረስ አለብኝ። ከዚህ ሌላ መኪና የላቸውም።»

«ሰው ሲጭኑ ይጨምራል?»

«እንጃ... ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ የእሷን ጩኸት ልስማ የመኪናውን?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አሰብ አደረገና፣ «ቆይ፣ ቆይ። ሲጫን እንዲያውም ዝም ይላል። የሚንጫጫብኝ ባዶዬን ስመለስ ነው።»

የመካኒኳ ፊት ተለወጠ። «ወደ ጋራዥ እንመለስ» አለች፤ «ቀስ ብለው ይንዱ። እኛ በእግራችን እንመጣለን።»

ጋራዡ ቅርብ ነበር። በቆርቆሮ የተከደነ፣ ወለሉ በዘይት የጠቆረ፣ ቁልፎቹ እንደ መጠናቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉበት ቤት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቱታዋን አጥልቃ ከመኪናው ሥር ለመግባት ማንንም አትጠይቅም ነበር። አሁን ወደ ሆዷ አየች፤ ከዚያ ወደ ባሏ።

«እኔ?» አለ መምህሩ።

«እኔና ልጅህ እዚያ ሥር አንገባም። አንተ ደግሞ ተመስገን ነው፣ ከሲታ ነህ።»

መምህሩ ከመኪና ሥር መግባትን በሕልሙም አይወደውም። እሷ ግን ክሪኩን ከጎማው ሥር ሳይሆን ከመኪናው አጽም፣ ከሻንሲው ሥር ደግፋ ሾፌሩን ስታስጠመዝዘው፣ የኋላው ግራ ጎማ ከመሬት ለቆ ተንጠለጠለ።

«ሌሎቹ እስካሁን ያዩት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው» አለች። «ድምፁ የሚመጣው ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ አይደለም፤ ሲወርድ ነው። ሲቀልለት የሚከፈት፣ ወርዶ ክብደት ሲያርፍበት ኳ ብሎ የሚገጥም ነገር አለ። እስቲ እናንጠልጥለውና እንየው።»

መደገፊያ ብረቶቹን አስገባች። በእግሯ መታቻቸው። መኪናውን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ነቀነቀችው፣ ዞራ ደግሞ በሌላው በኩል ነቀነቀችው። ራሷ ስትገባ እንዲህ ስትጠነቀቅ ባሏ አይቷት አያውቅም። «አሁን ግባ» ስትለው ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ባይለቀውም በጀርባው ተንሸራቶ ገባ።

«ምን ይታይሃል?»

«ጭቃ።»

«ከጭቃው ሥርስ? ባሌስትራውን፣ ያን ድርብርብ ብረት፣ ተከትለህ ወደ ኋላ ጫፉ ሂድ።»

«ጫፉ ተጠቅልሏል። ከላይ ደግሞ ጆሮ የመሰለ ብረት ከሻንሲው ጋር ይዞታል።»

«ጎሽ! ጆሮውን በናፍጣ ጥረግልኝ። እንደ ሰሌዳ አይደለም ታዲያ፣ እስኪያበራ!»

መምህሩ ናፍጣው ክንዱ ላይ እየወረደ፣ አሸዋው ዓይኑ ውስጥ እየገባ ጠረገ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ፀጉር የምታህል መስመር አለች። ዝገት ቀለም ያላት።»

«ጥፍርህን ሞክር» አለችው፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ገባ።»

«እጅህን አሽሽ። ጋሼ፣ በዚህ ብረት ጎማውን ወደ ላይ ይፈንቅሉት።»

ሾፌሩ ፈነቀለ። ኳ!

«ጠፋች! መስመሯ ጠፋች!»

«ሲለቁትስ?»

«ኧረ ተከፈተች... አፏን ከፈተች።»

ሾፌሩ ብረቱን አስቀምጦ አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ይህን ይዤ ነው ስንቱን ነፍሰ ጡር ቁልቁለቱን ሳወርድ የከረምኩት?»

«ድምፁን ንቀው ቢተዉት ነበር የሚያስፈራው» አለችው። «እርስዎ ሳይሰለቹ ያስፈተሹት ሰው ነዎት። ብዙ ሾፌር ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ይነዳል።»

መምህሩ ጥቀርሻ መስሎ ወጣ። እሷ በእጅጌዋ ዓይኑን ጠረገችለት። «ጥሩ ዓይን አለህ» አለችው።

«ሳታዪው ያየሽው አንቺ ነሽ እንጂ!» አለ። ሊቀልድ ነበር የፈለገው፤ ሲናገረው ግን እውነት ሆነ። አብረው ሲኖሩ ማታ የምታመጣውን ድካሟን እንጂ ቀን የምትሠራውን ሥራ እንዲህ ቀርቦ አይቶት አያውቅም።

ጎረቤቷ የሆነው በያጅ ተጠርቶ መጥቶ ስንጥቁን ወዲያው ሊደፍነው ጀመረ። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አስቆመችው። «መጀመሪያ ጫፉን ብሳው። ያለዚያ ስንጥቁ በብየዳህ ሥር መሄዱን አይተውም። ከዚያ ወፍራም ብረት ደርብበት።» በያጁ ሊከራከር ፈልጎ ነበር፤ አያትና በመብሻው ጀመረ።

ብረቱ ቀዝቅዞ፣ ጎማው መሬት ረግጦ፣ ሁሉም ወደ ኮሮኮንቹ ወጡ። ሾፌሩ ባዶውን ነዳ። ጠጠሩ ተፈናጠረ፣ በሮቹ ተርገፈገፉ፤ ኳኳታው ግን የለም። ሾፌሩ ጥሩምባውን እንደ ሠርግ መኪና አንባረቀው።

መካኒኳ ግን አልሳቀችም። «አሁን ደግሞ ሰው ተኝቶበት መሞከር አለበት» አለች። «ከውስጥ የሚሰማው ሌላ ነው።» መንገዱን አየች፤ በቅርቡ ምጥ ሲይዛት እሷም በዚሁ አምቡላንስ የምትወርድበት መንገድ ነው። እጇ ወደ አምቡላንሱ የኋላ በር ተዘረጋ፣ መልሳም ሰበሰበችው።

መምህሩ ቀደማት። በሩን ከፈተና ገባ። የበሽተኛው አልጋ ላይ በጀርባው ተጋደመ፣ ቀበቶውን ደረቱ ላይ አሰረ፣ ጆሮውን ወደ ግራው ጎማ አዘነበለ።

«ጋሼ» አለ፣ «ድንጋዩ በበዛበት በኩል ይንዱልኝ።»