ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈችው እናት

የዘጠኙ ሌሊት በዓል ሲቃረብ በከተማችን የሚያልፈው የሳባርማቲ ወንዝ ይገማል። ፋብሪካ የሚለቀው ዝቃጭ ከበሰበሰ አበባ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይይዛል። የሰፈራችን ሰዎች፣ እናት የምንላት አምላካችን ሜልዲ የምትሣልበትን ጨርቅ የምናጥበው እዚያው ውስጥ ቆመን ነው። ከቀለሞቹ ቀዩ ምድር ናት፤ ጥቁሩ ክፉ መንፈስ ያባርራል፤ ነጩ የሞቱብን ናቸው። ድሮ ከፍ ያለ ዘር ነን ባዮች ቤተ መቅደስ አትገቡም ስላሏቸው አያቶቻችን መቅደሱን ራሱን ጨርቅ ላይ ሣሉት።

ጨርቋ እናት የምትሆነው ዐይኗ ሲሣል ነው። ከዚያ ወዲያ አትረገጥም፣ አይተኛባትም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ዐይኗን የምሥለው እኔ ነኝ። ፈዛዛ ነው፣ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም ይሉኛል።

ታላቅ ወንድሜ ቫሽራም ከአንድ ባለሆቴል ትእዛዝ ተቀበለ። ሰውየው ለበዓሉ የምግብ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ሜልዲን ሊያለብሳቸው ፈልጓል። ቫሽራም ዐይኗን ሳንሥል እንስጠው፣ ያኔ ተራ ጨርቅ ናት አለኝ። ሆዴ ባይቀበለውም አብሬው ሠራሁ።

ባስረከብን ማግስት ሰውየው አስጠራን። አንዷን አንጥፎ ምሳውን እየበላባት ነበር። ሜልዲ ተቀምጣባት በተሣለችው ፍየል ላይ ምስር ፈስሶ ደርቋል። ዕውር አምላክ እንግዳ ታስደነግጣለች፣ ዐይን ይሠራላት እያለ የጨርቋን ጫፍ አነሣና ቅቤ የጠገበ ጢሙን ጠረገባት። ቀጥሎ ጣቶቹን። በመጨረሻ ተናፈጠባት።

"ሣልላት እንጂ" አለ ቫሽራም፣ የቀርከሃውን ብዕር እያቀበለኝ።

"ምን እንድታይ?"

"አንተ ደግሞ፣ ቁጭ ብለህ ታልማለህ። ጨርቅ ናት እኮ።"

"ጨርቅ ከሆነች አንተ ሣልላት።"

ሣለላት። አንዱ ወደ ጣሪያ፣ አንዱ ወደ ምስሩ የሚያይ የእንቁራሪት ዐይን። ባለሆቴሉ በደስታ አጨበጨበ፤ የቀሩትንም እንደዚሁ አለው። ወንድሜ ሳህን ገፋ እያደረገ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር፣ እኔ ወጥቼ ግድግዳው ሥር አስመለስኩ።

አመሻሹ ላይ ወላጅ እናታችን ሰፈሩ በበዓሉ ፊቷ የሚዘፍንላትን የራሳችንን ጨርቅ ወጥራ ጠበቀችን። የቀራት ዐይኗ ብቻ ነው። ብዕሩን ያዝኩ፤ የባለሆቴሉ ጣቶች ፊቴ እየመጡ አላሠራ ሲሉኝ የሆነውን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳትና ብዕሩን መሬት ላይ አኖርኩት። ቫሽራም ሊያነሣው ጎንበስ አለ። እናቴ ቀደመችው።

"በዚህ እጅህ እንኳን እሷን የእኔንም ሳህን አትነካ" አለችው።

በዚያ ዓመት ሰፈራችን ዘጠኙንም ሌሊት ዐይን በሌላት ጨርቅ ፊት ዘፈነ። ጎረቤት ለምን ብሎ ሲጠይቃት እናቴ፣ ልታየን አልፈለገችም ትላለች።