በርበሬ የነካው ጥሬ

እህል በረንዳ፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓሮ፣ በሽቦ ያንጠለጠልኩት አሮጌ ሰፌድ አለ። በየዓመቱ ከመስቀል ወዲያ፣ ጉሮሯቸው ቢጫ ምንቃራቸው ሮዝ የሆኑ ትንንሽ ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ይመጡና ከሰፌዱ ላይ ጥሬ ይለቅማሉ። እነሱን ካየሁ ጥርሴ አይከደንም።

ባሌ ማሙሸት ግን፣ «ወፍ መሰለሽ እንጂ የምትቀልቢው አይጥ ነው!» ይለኛል። እውነቱን ነው። አይጦቹ በሽቦው ወርደው ሰፌዱን ካራቆቱ በኋላ ወደ ጆንያዎቻችን ይዞራሉ። ዘንድሮ ቁርጡን ነገረኝ፤ ከመስቀል ስንመለስ አንዲት አይጥ ካየ ሰፌዱ ይወርዳል፣ ጓሮውም ቆርቆሮ ለብሶ መጋዘን ይሆናል። አኮረፍኩት። እኔ ሳኮርፍ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

ለመስቀል አገር ቤት ስንገባ ሱቃችንን የሚጠብቁልን በርበሬ ነጋዴው ጋሽ ሙናዊር ናቸው። እሳቸው ለአረፋ ሲሄዱ የእሳቸውን እኛ እንጠብቃለን። ቁልፉንና የወፎቹን ጥሬ ስሰጣቸው፣ «ወፎቹን አደራ» አልኳቸው።

ክትፏችንን በልተን ስንመለስ ሮጬ ጓሮ ገባሁ። ሰፌዱ ላይ ያለው ጥሬ ቀይ ሆኗል!

«ጋሽ ሙናዊር! ምን አደረጉብኝ?»

«ምን አደረግኩ? ጥሬውን አይጥ እንዳይጨርሰው በራሴ ጆንያ አድርጌ እኔ ሱቅ አስቀመጥኩት።»

«በበርበሬ ጆንያ?»

«እኔ ቤት ሌላ ምን ጆንያ አለ፣ ልጄ?»

እንባዬ መጣ። አንጀቱ የተቃጠለ ወፍ ዳግም እዚህ ጓሮ ዝር እንደማይል አልተጠራጠርኩም። ልጮህባቸው አፌን ስከፍት አንዷ መጥታ ሰፌዱ ላይ አረፈች። ለቀመች። ሌላም ተከተለቻት። ወዲያው ሰፌዱ በወፍ ሞላ፤ ቀዩን ጥሬ ምንም ሳይመስላቸው ይለቅሙታል።

«ከመጡ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው» አሉ ጋሽ ሙናዊር። «ወፍን በርበሬ አያቃጥላትም። ያልቻለችው አይጧ ናት። አንዴ ቀመሰችና አፍንጫዋን እያሸች ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዘመዶቿም አልመጡ።»

ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ጋሽ ሙናዊርን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። ማሙሸት አላመነም። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ አየ። የተቀደደ የለም። ሰፌዱን ሊመረምር ጠጋ ሲል የበርበሬው ብናኝ አፍንጫው ገባና ደጋግሞ አስነጠሰው። ወፎቹ ብር ብለው ተነሱና ተመልሰው አረፉ።

ዓይኑን እየጠረገ ወደ ጋሽ ሙናዊር ዞረ።

«ጋሼ፣ በጣም ከሚያቃጥለው ግማሽ ኪሎ ይመዝኑልኝ።»

«ለወጥ ነው?»

«ለወፎቹ ነው» አለ፣ እኔን ሳያየኝ።